ነጠላ የብረት አቶም ለነዳጅ ሴል፦ አሠራሩና በደጋ አለካኩ

ካቺሲ አድጎ አምቦ ወይም አዲስ አበባ ለሁለተኛ ዲግሪ የገባ የኬሚስትሪ ተማሪ የነዳጅ ሴል ካታሊስት ልሥራ ቢል፣ ፕላቲነም ፍለጋ መንከራተት የለበትም። ሬይመንድ ጃሲንስኪ በ1964 እ.ኤ.አ. በአራት ናይትሮጅን የታሰረ ኮባልት ኦክስጅንን ኤሌክትሮን እንደሚያቀብል አሳይቷል፤ ብረትም በዚያው አኳኋን ሲታሰር ይሠራል። ጭንቁ አቶሞቹ ተሰባስበው እንዳይጓጉሉ ማድረግ ነው።

ስለዚህ ብረቱን ቆጥቡ። ዚንክ ናይትሬት በሜታኖል አሟሙና ከዚንኩ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ የሚሆን የብረት ጨው ጨምሩበት። ለብቻው የሟሟ ሜቲልኢሚዳዞል ቀላቅሉና እየተማሰለ ይደር። የዘቀጠውን ዱቄት በሴንትሪፊውጅ ለይታችሁ እጠቡ፣ አድርቁ።

ቀጥሎ በአርጎን ውስጥ በ950 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ ሰዓት ያህል አግሉት። ብረቶቹን አራርቆ የያዘው ዚንክ በ907 ዲግሪ ስለሚፈላ ይተናል፤ የለቀቀው ቦታም ለኦክስጅን መግቢያ ቀዳዳ ይሆናል። በምድጃው ቱቦ ቀዝቃዛ ጫፍ ግራጫ ነገር ቢለጠፍ ያው ዚንክ ነው፤ ጭሱ ግን ወደ ውጭ ይውጣ። አርጎኑ መሐል ላይ ካለቀ ካርቦኑ ይነዳል፤ ሲሊንደሩን አስቀድሞ ማየት አይከፋም። የቀዘቀዘውን በሙቅ 0.5 ሞላር ሰልፈሪክ አሲድ እጠቡት። በኤክስሬይ ዲፍራክሽን (በመዳብ ጨረር) 44.7 ዲግሪ አካባቢ ስለታም ጫፍ ከወጣ ብረቱ ተጓጉሏል፤ መጠኑን ቀንሳችሁ ድገሙ።

አሁን ወደ ልኬቱ። ዱቄቱን በአልኮልና በናፊዮን በጥብጣችሁ የሚሽከረከረው ኤሌክትሮድ ላይ አንጠብጥቡ። ኦክስጅን በጠገበ 0.1 ሞላር ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ በደቂቃ 1,600 ዙር አሽከርክሩት። ተቃራኒው ኤሌክትሮድ ግራፋይት ይሁን፤ የፕላቲነም ሽቦ ሟሙቶ ካታሊስታችሁ ላይ ሊያርፍና ያልሠራችሁትን ውጤት ሊያሳያችሁ ይችላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ከፍታው ላይ ነው። ለአራት ኤሌክትሮን መንገድ በባሕር ጠለል የሚጠበቀው ገደብ ጅረት በካሬ ሴንቲሜትር 5.7 ሚሊአምፔር ገደማ ነው። አምቦ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የአየር ግፊቷ የባሕር ጠለሉን አራት አምስተኛ አይሞላም፤ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። እንከን የሌለው ካታሊስት እዚያ 4.4 አካባቢ ይሰጣል። መጽሐፍ ላይ ባለው የባሕር ጠለል የኦክስጅን መጠን ያሰላ ተማሪ ሦስት ኤሌክትሮን ያገኝና ግማሽ ያህሉ ፐሮክሳይድ ሆነ ብሎ ይጽፋል!

የቤተ ሙከራውን ግፊት በባሮሜትር ለኩ፤ የሜትሮሎጂ ዘገባ ወደ ባሕር ጠለል የተመለሰ ሊሆን ስለሚችል አትመኑት። የውኃውን ተን ግፊት ቀንሳችሁ የኦክስጅኑን መጠን አስተካክሉ። ቀለበት ያለው ኤሌክትሮድ ካገኛችሁ ፐሮክሳይዱን ከዲስኩና ከቀለበቱ ጅረት ንጽጽር አስሉ፤ ያ የኦክስጅን መጠን ማወቅ አይጠይቅም። ለማወዳደሪያም ጥቂት ሚሊግራም የገበያ ፕላቲነም በካርቦን ተበድራችሁ፣ በዚያው ቀን በዚያው ክፍል ለኩ።