ዐይን አንዱን ሁለት፣ ሁለቱን አንድ ሲያደርግ

የሳይንስ ክበባችን በዚህ ዓመት ከሠራቸው ሥራዎች አንዱን ለትምህርት ይሆን ዘንድ እናቀርባለን።

ተማሪዎቻችን የላም እበት በእርጥብ ወረቀት ላይ አድርገው ክዳን ባለው ዕቃ አስቀመጡ። በሁለተኛው ሳምንት የክብሪት ራስ የማያክሉ፣ ጽዋ የሚመስሉ ፈንገሶች በቀሉ። ከፊሎቹ ቢጫ ነበሩ፤ ከፊሎቹ ጥቁር ነጠብጣብ ነበረባቸው። ልጆቹ "ሁለት ዓይነት ነው" ብለው መዘገቡ። እኛም አይተን ተስማማን።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ስም ከመስጠታችን በፊት ውስጡን ማየት ነበረብን። አሠራሩ ቀላል ነው። ከጽዋው በመርፌ ጥቂት ቆንጥሮ ስላይድ ላይ በውሃ ጠብታ ማኖር፣ በስስ መስታወት ሸፍኖ ቀስ አድርጎ መጫን፣ ከዚያም በማይክሮስኮፕ 400 ጊዜ አጉልቶ ማየት ነው። ያን ጊዜ ጎን ለጎን የቆሙ ረጃጅም ከረጢቶች ይታያሉ፤ በየከረጢቱ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ 8 ስፖሮች አሉ። የስፖሩ ቅርጽ፣ መጠንና ቀለም፣ ከረጢቱ የሚከፈተው በክዳን ወይስ በቀዳዳ መሆኑ፣ በከረጢቶቹ መካከል ያሉት ክሮች መልክ፣ አዮዲን ሲነካው ሰማያዊ መሆን አለመሆኑ፣ ሁሉም ይመዘገባል። አንዱ ምልክት ብቻውን አይበቃም።

በቢጫው ጽዋ ውስጥ ስፖሮቹ ቀለም አልነበራቸውም፤ በነጠብጣባሙ ውስጥ ሐምራዊ ነበሩ። በአንዳንዱ ጽዋ ግን ሁለቱም አብረው ተገኙ። ጥቁሩ ነጠብጣብም የበሰለው ከረጢት ከላይ ብቅ ሲል የሚታይ ነበር። ሁለት ያልነው አንድ ሆነ፤ አስኮቦለስ የሚባለው ፈንገስ፣ ጥሬውና የበሰለው። ስፖሮቹን ገና ስላልለካን ከዚህ አልፈን የዝርያውን ስም አልጻፍንም።

የዚህ ተቃራኒ ስሕተት ደግሞ ብዙ ያስከፍላል። በአውሮፓ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አሽ የሚባለው ዛፍ በብዛት ይደርቅ ጀመር። በወደቁ የቅጠል ዘንጎች ላይ የሚበቅለው ትንሽ ነጭ ጽዋ ከድሮ ጀምሮ የሚታወቀው ጉዳት የማያደርስ ፈንገስ መስሎ ነበር። ኋላ በዘረመል ምርመራ ከምሥራቅ እስያ የመጣ ሌላ ዝርያ መሆኑ ተረጋገጠ። በዐይን ሲታዩ ሁለቱ አይለዩም። በማይክሮስኮፕ ግን የገዳዩ ከረጢት ግርጌ ላይ ትንሽ መንጠቆ አለ፤ በሌላው ላይ የለም።

ልጆቻችን የመጀመሪያውን መዝገብ አልቀደዱም። በአንድ መስመር ሰርዘው እርማቱን ከሥሩ ጻፉ፤ እኛም ከጎኑ ፈረምን። ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ "ገና አላየሁትም፣ ስለዚህ ስሙን አልጽፍም" ቢላችሁ፣ ሰነፈ አትበሉት። ትምህርቱ ገብቶታል።