አላስጥል ያሉ አባት

ጥያቄ፦ ባዶ ጀሪካን፣ የተቀደደ ማዳበሪያና አሮጌ ልብስ እያከማቹ አላስጥል ያሉ አባት እንዴት ይረዳሉ? (ከመተማ)

መልስ፦ ዕቃ የማከማቸት ሕመም በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ራሱን ችሎ የሰፈረው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው። ዋጋ እስኪወጣ ሰሊጥ ማቆየት ሕመም አይደለም፤ ውኃ በሚቸግርበት አገር ጀሪካን ማብዛትም እንዲሁ። ሕመም የሚሆነው ክምሩ አልጋውን፣ ምድጃውንና በሩን ሲይዝ፣ መጣሉም ብርቱ ጭንቀት ሲያመጣ ነው።

ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው አባት ገበያ ሲወጡ ቤቱን ጠርጎ ዕቃውን በማቃጠል ነው። እምነት ይጠፋል፤ ክምሩም ተመልሶ ይመጣል። በሳር ቤት እሳት ስለሚያሰጋ መጀመሪያ መነሳት ያለበት ከምድጃው አጠገብ ያለው ማዳበሪያ ነው፤ ቀጥሎ በሩን የዘጋው። በቆላው እባብና ጊንጥ እንዲህ ያለ ክምር ሥር ስለሚሸሸጉ፣ ስለ ንጽሕና ከመጨቃጨቅ ስለ ልጆች ደኅንነት ማውራት ይሻላል። የሚቀረውንና የሚሄደውን የሚለዩት አባት ራሳቸው ናቸው፤ ደህናውን ጀሪካን ለጎረቤት መስጠት ከመጣል ይቀልላቸዋል።

ልማዱ በእርጅና ድንገት የጀመረ ከሆነ የመርሳት በሽታ ወይም ድብርት መኖሩ መታየት አለበት። ዋናው ሕክምና አስተሳሰብንና ባሕርይን በምክክር ማረቅ ሲሆን፣ ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፎ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሥነ አእምሮ ክፍል መሄድ ይቻላል።