የመርካቶን የጎርፍ ቦይ በጭቃ ፓምፕ የመጥረግ ሥራ

የመርካቶ የጎርፍ መውረጃ ቦዮች በጋውን ሙሉ አፈር፣ ፌስታልና የካርቶን ቁርጥራጭ ይጠራቀምባቸዋል። ሰኔ ሲገባ ዝናቡ መውረጃ ያጣና መንገዱን ሞልቶ ወደ ሱቅና መጋዘን ይዘልቃል። አካፋ የማይደርስበትን የተከደነ ቦይ በትንሽ የጭቃ ፓምፕ መጥረግ ይቻላል። ሥራው የሚሰምረው ግን ደለሉ ከቆሻሻው ተለይቶና በውሃ ቀጥኖ ሲመጠጥ ነው።

ጊዜና ዝግጅት

ሥራው በግንቦት፣ ገበያው በሚቀዘቅዝበት እሑድ ማለዳ፣ በወረዳው በኩል ፈቃድ ተይዞ ይጀመራል። ጠጠር የሚያሳልፍ ባለ 3 ኢንች ፓምፕ፣ ሲመጥጥ የማይጨመደድ ባለሽቦ ቱቦ፣ አፋቸው የተከፈተ ሁለት ታንከሮች፣ መንጠቆ፣ ማዳበሪያ፣ ቦት ጫማና ወፍራም ጓንት ያስፈልጋሉ።

በባሕር ጠለል ላይ ፓምፕ ውሃን በንድፈ ሐሳብ እስከ 10 ሜትር ያህል ይስባል። በአዲስ አበባ፣ በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ የአየር ግፊቱ አነስተኛ ስለሆነ ይህ ወደ 7.7 ሜትር ይወርዳል፤ ጭቃ ሲሆን ደግሞ ይብስ ያንሳል። ስለዚህ ፓምፑ ከደለሉ በላይ ከ3 ሜትር ባይርቅ ይመረጣል። የቤንዚን ሞተርም በዚህ ከፍታ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል።

የአሠራር ቅደም ተከተል

1. የቦዩ ክዳኖች ከላይም ከታችም ተከፍተው አየር እንዲዘዋወር ይደረጋል። ወደ ተከደነው ክፍል ማንም አይገባም። ከበሰበሰ ጭቃ የሚወጣው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ ግን ማሽተትን ያደነዝዛል። ሽታው ጠፋ ማለት አደጋው አለፈ ማለት አይደለም።

2. ጠጣሩ ቆሻሻ በመንጠቆ ይወጣል። በምናለሽ ተራ የብረትና የላሜራ ስባሪ፣ በሸማ ተራ ክርና ብጣሽ ጨርቅ ይጠበቃል። ብረት ቱቦ ይቀዳል፤ ክር በፓምፑ ተሽከርካሪ ላይ ተጠምጥሞ ያቆመዋል።

3. የቦዩ ታችኛው ጫፍ አሸዋ በተሞላ ማዳበሪያ ይዘጋል። ካልተዘጋ ደለሉ ወርዶ ሌላ ሰፈር ይደፍናል፤ ወንዝ ከገባም በአቃቂ በኩል ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይሄዳል።

4. ለአንድ እጅ ጭቃ ከአራት እስከ አምስት እጅ ውሃ ተጨምሮ በረጅም እንጨት ይማሰላል።

5. ፓምፑ ውሃ ተሞልቶ ይነሳል። የቱቦው አፍ በጭቃው ገጽ ላይ ይያዛል እንጂ አይቀበርም። ቱቦው ሲንቀጠቀጥና የሞተሩ ድምፅ ሲለወጥ፣ አፉ ከፍ ተደርጎ ጥቂት ውሃ ብቻ ይመጥጣል፤ ከዚያ ወደ ጭቃው ይመለሳል።

6. ጭቃው ወደ አንደኛው ታንከር ይገፋል። ሲሞላ ወደ ሁለተኛው ይዞራል፤ የመጀመሪያው እስኪጠል ይጠበቃል። ከላይ የጠለለው ውሃ ለማማሰያ ይመለሳል።

7. የዘቀጠው ደለል በማዳበሪያ ተሞልቶ ከተንጠፈጠፈ በኋላ ከተማው ወደፈቀደው መድፊያ ይጫናል። መንገድ ዳር ከተከመረ የመጀመሪያው ዝናብ ይመልሰዋል። ዘይትና የብረት ብናኝ ሊኖርበት ስለሚችል ለጓሮ አትክልት አይሆንም።

8. በላይኛው ጫፍ አንድ በርሜል ውሃ ፈሶ አወራረዱ ይታያል። ፓምፑ በንጹሕ ውሃ ይታጠባል፣ ማዳበሪያዎቹ ይነሳሉ፣ ክዳኖቹም በዚያው ቀን ይገጠማሉ።

ቦዩ በሐምሌ አጋማሽ እንደገና መታየት አለበት። የየተራው ነጋዴ ፌስታሉንና ካርቶኑን በማዳበሪያ ሰብስቦ ለጽዳት ሠራተኞች ካላስረከበ ግን የተጠረገው ቦይ ክረምቱን አይዘልቅም።