ትምህርት 14፦ የተራራ ጉዞና የቦዝ አንቀጽ አገባብ

በዚህ ትምህርት ስለ አንድ ቀን የተራራ ጉዞ የሚናገር ምንባብ ታነባላችሁ። ቀጥሎ ድርጊቶችን በቅደም ተከተል የሚያያይዘውን ቦዝ አንቀጽን ትመረምራላችሁ፤ በመጨረሻም የራሳችሁን የጉዞ ድርሰት ትጽፋላችሁ።

ሀ. ምንባብ

በረዶ በብዛት በሚወርድባቸው አገሮች ወጣቶች ከጓደኞቻቸው ጋር ተራራ ይወጣሉ፤ ከዚያም ሳንቃ በእግራቸው አስረው በበረዶው ላይ እየተንሸራተቱ ይወርዳሉ። ከተከለለው መጫወቻ ርቀው የሚሄዱትን ግን የበረዶ ናዳ ያሰጋቸዋል። ናዳው በብዛት የሚነሣው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ በሚያዘነብል ተዳፋት ላይ ነው። ስለዚህ አካፋ፣ በረዶ መመርመሪያ ዘንግና የተቀበረ ሰው ያለበትን የሚጠቁም የሬዲዮ መሣሪያ ይይዛሉ። አደገኛውን ተዳፋት አንድ በአንድ ይወርዳሉ፤ አንዱ ሲወርድ ሌሎቹ ከደኅና ስፍራ ቆመው ዐይናቸውን ከእርሱ አይነቅሉም።

አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለ ሆነች 4550 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው በራስ ዳሸን ላይ እንኳ አልፎ አልፎ የሚጥለው በረዶ ፀሐይ ሲበረታ ይቀልጣል። ይሁን እንጂ ሮቤል ተክለ ማርያም በ1998 ዓ.ም. በጣሊያን አገር በቶሪኖ ከተማ በተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ በበረዶ ሸርተቴ ተወዳድሯል። በክረምት ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን የወከለ የመጀመሪያው ስፖርተኛ እርሱ ነው።

በዋግ ኽምራ ደጋ የበረዶ ሸርተቴ ባይኖርም የተራራ ሕግ ያው ነው። ይህን ለመረዳት፣ ክረምቱ በገባ ሰሞን፣ በአንድ ቅዳሜ፣ ከሦስት ጓደኞቻችሁ ጋር ከሰቆጣ ከተማ ወደ አንድ ተራራ እንደምትሄዱ አስቡ። ጎሕ ሲቀድ ተነሥታችሁ፣ ቆሎና ውሃ ይዛችሁ፣ በተራራው ግርጌ ያለውን ወንዝ ተሻግራችሁ ዳገቱን ትወጣላችሁ። ወንዙ ከቁርጭምጭሚት አያልፍም፤ ውሃው ወደ ጸላሪ፣ ከዚያም ወደ ተከዜ ይወርዳል። ከፍታው በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀዘቅዝ ጠዋት ያወለቃችሁትን ጋቢ መልሳችሁ ትደርባላችሁ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ጫፉ ቅርብ መስሎ ይታያችኋል። ነገር ግን ከመካከላችሁ አንዱ እግሩን አሞት በድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ ደመናውም ከብዷል። በዚያ ፍየል የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ አይተዋችሁ፣ «ልጆቼ፣ ደመናው ተራራውን ከሸፈነ ወንዙ አያሳልፋችሁም፤ አሁኑኑ ተመለሱ» ይሏችኋል። ከጓደኞቻችሁ አንዱ ግን፣ «ጫፉ እኮ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም! እናንተ ውረዱ፤ እኔ ደርሼ እመጣለሁ» ይላል።

ምክሩ እንዲህ ሆነ፦ አብሮ የወጣ አብሮ ይወርዳል። ሽማግሌውን አመስግናችሁ፣ የታመመውን ደግፋችሁ፣ ቁልቁለቱን ትጀምራላችሁ። በመንገድ ላይ በረዶው ይወርድባችኋል። ከወንዙ ስትደርሱ ውሃው ከጉልበት ላይ ደርሷል፤ እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ በጭንቅ ትሻገራላችሁ። ጥቂት ቆይቶ ድፍርሱ ጎርፍ ግንድ እያንከባለለ ሲወርድ ድምፁን ትሰማላችሁ። ያ ጓደኛችሁ ወንዙን ብዙ ጊዜ ሲመለከት ቆይቶ፣ «ብቻዬን ቀርቼ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ማዶ አድር ነበር» ይላል። ማንም አልመለሰለትም፤ ሁሉም የሚያስበው ይህንኑ ነበርና።

ለ. የቃላት ማብራሪያ

በረዶ፦ እንደ ጠጠር የሚወርደውም፣ እንደ ጥጥ ብናኝ የሚወርደውም በዚህ ስም ይጠራል። ለይታችሁ ለመግለጽ ስትፈልጉ ቅጽል ጨምሩ።
ውርጭ፦ በብርድ ሌሊት በሣርና በቅጠል ላይ የሚጋገር ቅዝቃዜ፤ እጅግ ከፍተኛ የሆነው ብርዳም ምድርም በዚህ ስም ይጠራል።
ተዳፋት፦ ወደ ታች ያዘነበለ መሬት።

ሐ. የሰዋስው ማስታወሻ

«ተነሥታችሁ፣ ይዛችሁ፣ ተሻግራችሁ ዳገቱን ትወጣላችሁ» በሚለው ዐረፍተ ነገር የመጀመሪያዎቹ ሦስት ግሶች ቦዝ አንቀጾች ናቸው። ቦዝ አንቀጽ ድርጊትን ቢናገርም ሐሳብን አይቋጭም፤ የሚቋጨው ማሰሪያ አንቀጹ «ትወጣላችሁ» ነው። ጊዜውንም የሚወስነው ማሰሪያው ነው፦ «ተሻግራችሁ ወጣችሁ» ቢባል ያለፈ ይሆናል፤ «ተሻግራችሁ ውጡ» ቢባል ትእዛዝ ይሆናል። ቦዝ አንቀጽ እንደ ባለቤቱ እንዲህ ይረባል፦ ወጥቼ፣ ወጥተህ፣ ወጥተሽ፣ ወጥቶ፣ ወጥታ፣ ወጥተን፣ ወጥታችሁ፣ ወጥተው።

ጀማሪ ጸሐፊዎች ቦዝ አንቀጾችን እየደራረቡ ማሰሪያውን ይረሳሉ። አንባቢም ማን ምን እንዳደረገ ይጠፋበታል። በተለይ አደጋን ስትተርኩ ዐረፍተ ነገሩን አሳጥሩ፤ የድርጊቱን ባለቤትም በግልጽ ጥቀሱ።

መ. መልመጃ

1. ከምንባቡ ሌሎች አምስት ቦዝ አንቀጾችን ከነማሰሪያቸው አውጥታችሁ ጻፉ።
2. «ተመለሰ» የሚለውን ግስ በቦዝ አንቀጽ በስምንቱም መደብ አርቡ።
3. የሚከተለውን አስተካክላችሁ ጻፉ፦ «ጠዋት ተነሥተን፣ ተራራ ወጥተን፣ ዝናብ መጥቶ፣ ወንዙ ሞልቶ።»
4. በረዶ ላይ የሚንሸራተቱት ወጣቶችና የሰቆጣዎቹ ተማሪዎች የጠበቁት የጋራ ሕግ ምንድን ነው? በሁለት ዐረፍተ ነገሮች መልሱ።
5. ወደ ግቡ ሳይደርስ ስለ ተመለሰ ጉዞ ከ20 መስመር ያልበለጠ ድርሰት ጻፉ። መመለሱን የወሰነው ማን እንደ ሆነና ምክንያቱን ሳትገልጹ አትለፉ።