የብርድ ወራት ቡና በጅዳና በመካ፦ በትንሽ ዋጋ መርጦ፣ በጥሞና ማጣጣም

ከታኅሣሥ እስከ የካቲት የጅዳ ምሽት ቀዝቀዝ ይላል፤ ሌሊቱ ወደ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ይወርዳል። ለደብረ ብርሃን ልጅ ይህ ብርድ አይባልም፤ 40 ዲግሪ ለለመደ ሰውነት ግን ጋቢ ያስመኛል። 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳላት ወደ ጣኢፍ የወጣ ሰው ደግሞ ብርዱን በደንብ ያውቀዋል። በሌላ አገር እንዲህ ባለ ምሽት ውስኪ ወይም አረቄ ይቀዳል። በሳዑዲ አልኮል ለአብዛኛው ሰው በሕግ ክልክል ነው፤ ብርዱን የሚያባርረው ጋህዋ ነው፤ ሄል የገባበት፣ በስሱ የተቆላ ቡና።

መካ ከቡና ጋር የቆየ ታሪክ አላት። እ.ኤ.አ. በ1511 ኻኢር ቤግ የተባለ የማምሉክ ሱልጣን ሹም ሰዎች ሌሊት ተሰብስበው ቡና ሲጠጡ አይቶ መጠጡን በከተማዋ አገደ፤ ከካይሮ የመጣው የሱልጣኑ ትእዛዝ ግን እገዳውን አላላው። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ዩኔስኮ የዓረብ ቡናን ሥርዓት የሳዑዲ፣ የኤምሬትስ፣ የኦማንና የቀጠር የጋራ ቅርስ አድርጎ መዘገበው።

የዛሬው ትምህርቴ አንድ ነገር ላይ ያተኩራል፦ የቡናን ዋጋ ብዙ ጊዜ የሚወስነው ስሙ ነው፤ ጣዕሙን የሚወስኑት ግን ትኩስነቱና አቆላሉ ናቸው። አፍንጫውንና ምላሱን ያሠለጠነ ሰው በትንሽ ገንዘብ ጥሩ ስኒ ያገኛል። ደረጃ በደረጃ እንሂድ።

አንደኛ፦ ጥሬውን መምረጥ

በጅዳ ቡና መሸጫዎች ሦስት ስሞች ደጋግማችሁ ትሰማላችሁ። ሐረሪ የእኛው የሐረርጌ ቡና ነው። ሉቅማቲ ከነቀምት፣ ከወለጋ በኩል የሚሄደው ነው። ኸውላኒ ከሳዑዲ ደቡብ፣ ከጂዛን ተራሮች የሚለቀም ሲሆን ብዙውን ጊዜ ከሦስቱ ውዱ እሱ ነው፤ ሉቅማቲ ከሐረሪም ረከስ ይላል። ለጀማሪ ሩብ ኪሎ ሉቅማቲ ይበቃዋል።

ከመክፈላችሁ በፊት እፍኝ ጥሬ ቡና አንሡና አሽትቱ። ትኩሱ የድርቆሽና የደረቀ ፍሬ ሽታ አለው። የከረመው ጆንያ ጆንያ ይሸታል፤ መልኩም ነጣ፣ ደብዘዝ ይላል። በአገራችን ዋናው ለቀማ ከጥቅምት እስከ ጥር ስለሆነ፣ ጀንፈሉ ደርቆና ተፈልፍሎ ቀይ ባሕርን እስኪሻገር ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ በብርዱ ወራት መጀመሪያ ገበያው ላይ ያለው በአብዛኛው የአምናው ምርት ነው። ሻጩን የየትኛው ዓመት እንደሆነ ጠይቁት።

ሁለተኛ፦ አቆላሉን መረዳት

እኛ ቡናው ጠቁሮ ወዙ እስኪወጣ እንቆላለን። የጋህዋ ቡና ግን የገለባ ወይም የቀላ ወርቅ መልክ ሲይዝ ይወርዳል፤ ይህም ፍሬው መንጣጣት ከመጀመሩ በፊት ወይም ገና ሲጀምር ነው። በዚህ ደረጃ የፍሬው ኮምጣጣነትና የእህል ጠረን ሳይጠፋ ይቆያል፤ የጥቁር ቡና ምሬት ገና አልተፈጠረም። ብዙ የአገራችን ሰዎች ጋህዋን መጀመሪያ ሲቀምሱ «ይህ ቡና ነው?» የሚሉት በጀበናው ሚዛን ስለሚመዝኑት ነው። በራሱ ሚዛን መዝኑት።

ሦስተኛ፦ ማፍላት

ለአንድ ሊትር ውኃ ሦስት የሾርባ ማንኪያ በዚህ መልክ የተቆላና ሻካራ ተደርጎ የተፈጨ ቡና አዘጋጁ። ውኃው ሲፈላ ቡናውን አግቡና በትንሽ እሳት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አንተክትኩት። ከዚያ አውርዳችሁ አምስት ደቂቃ ይስከን። ሄሉን ገና አትጨምሩ፤ ምክንያቱን አሁን ታዩታላችሁ።

አራተኛ፦ ሦስት ጊዜ መቅመስ

መጀመሪያ አፋችሁን በውኃ አጥቡ። ያለ ሄል ትንሽ ቅዱና እንፋሎቱን አሽትቱ። ከዚያ አየር ሳብ እያደረጋችሁ ፉት በሉ፤ ጠረኑ በጉሮሮ በኩል ወደ አፍንጫ የሚወጣው እንዲህ ሲሆን ነው። ኮምጣጣ ነው? የበሰለ ፍሬ ያስታውሳል? ከተዋጠ በኋላ አፍ ውስጥ የሚቀረው ንጹሕ ነው ወይስ የአቧራ ጣዕም?

ሁለተኛውን ፉት ለብ ሲል ሞክሩ። በጣም ትኩስ ነገር ምላስን ያደነዝዛል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋምም እ.ኤ.አ. በ2016 ከ65 ዲግሪ በላይ የሚጠጣን መጠጥ ለካንሰር ሳያጋልጡ አይቀሩም ከሚላቸው ነገሮች መድቦታል። የከረመ ቡና ጉድለቱ የሚጋለጠውም ለብ ሲል ነው።

አሁን አንድ የሾርባ ማንኪያ የተወቀጠ ሄል ጨምራችሁ ለጥቂት ደቂቃ አቆዩትና ሦስተኛውን ቅመሱ። ሄል የኮረሪማ ዘመድ ነው፤ ሁለቱም ከዝንጅብል ወገን ናቸው። ጥሩ ቡና ከሄሉ ጋር ጎልቶ ይሰማል፤ ደካማው ሄሉ ውስጥ ይሰምጣል። ሻጭ አስቀድሞ ሄል የቀላቀለበትን ዱቄት ከመግዛት ጥሬውን ግዙ የምለው ለዚህ ነው። ለጠንካራ ብርድ ዝንጅብል ወይም ጥቂት ቅርንፉድ ማከል ይቻላል።

አምስተኛ፦ ከተምር ጋር

ጋህዋ ያለ ስኳር ይጠጣል፤ ጣፋጩ ተምሩ ነው። ተምሩን ቀድማችሁ ብሉና ፉት በሉ፤ ከዚያ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። ጣፋጩ ሲቀድም ቡናው ይበልጥ ይመራል፤ ሲከተል ደግሞ ምሬቱን ያለሰልሰዋል። የሚስማማችሁን ራሳችሁ ወስኑ።

በሰው ቤት ከሆናችሁ ስኒውን በቀኝ እጅ ተቀበሉ። አስተናጋጁ ከስኒው ሲሶውን ያህል ብቻ የሚቀዳው ቡናው ሳይቀዘቅዝ ደጋግሞ ለመቅዳት ነው፤ በቃኝ ለማለት ስኒውን ነቅነቅ አድርጋችሁ መልሱ።

ስድስተኛ፦ ገለባውንም አትርሱ

ቅሽር የሚባለው መጠጥ የቡናን ደረቅ ገለባ ከዝንጅብልና ከቀረፋ ጋር አፍልቶ የሚዘጋጅ ነው። የመኖች ፍሬውን ለገበያ እየላኩ ገለባውን ለቤታቸው ያስቀሩ ነበር። ሐረርም ገለባውንና ቅጠሉን አፍልታ መጠጣትን ከጥንት ታውቃለች። ቀለል ያለ፣ የደረቀ ፍሬ ጣፋጭነት ያለው ነው፤ ማታ ጠንካራ ቡና ለማይስማማው ሰው ጥሩ ምርጫ ነው።

የቤት ሥራ

ሩብ ኪሎ ሉቅማቲና ሩብ ኪሎ ሐረሪ ግዙ። በእኩል መጠን፣ በእኩል ጊዜ አፍሏቸው። የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳይነግራችሁ ሌላ ሰው ይቅዳላችሁ፤ ያገኛችሁትን ጣዕም በወረቀት ጻፉና ስሙን በመጨረሻ ጠይቁ። ርካሹን መርጣችሁ ከተገኛችሁ አትፈሩ፤ በሚቀጥለው ጊዜም እሱኑ ግዙ። ይህን ቡና የለቀሙት የወለጋና የሐረርጌ ገበሬዎች ናቸው፤ ድካማቸውን ከሚያከብሩ መንገዶች አንዱ የሥራቸውን ጣዕም ለይቶ ማወቅ ነው።