ሁለት አማቾች

ከአሰላ ከተማ ቆሞ ወደ ምዕራብ የሚመለከት ሰው፥ በቆላው ውስጥ የዝዋይን ሐይቅ ያያል። ከሐይቁ ማዶ የጉራጌ አገር አለ፤ በዚያም ቡታጅራ ትገኛለች። የንጉሠ ነገሥቱ አማች ራስ ደስታ ዳምጠው የሞቱት በዚያ አገር ነው።

ራስ ደስታ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ልጅ ልዕልት ተናኘ ወርቅን አግብተው ነበር፤ የሲዳሞም ገዢ ሆነው ተሾሙ። ሌላይቱን ልጅ ልዕልት ዘነበ ወርቅን ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሣ አገባ፤ እርሱም የምሥራቅ ትግሬ ገዢ ሆነ። ሁለቱም ንጉሥን አማት አድርገው ከበሩ።

በ1928 ዓ. ም. ጣልያን ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ ግን የሁለቱ መንገድ ተለያየ። ልዕልት ዘነበ ወርቅ አስቀድመው አርፈው ነበር። ኃይለ ሥላሴ ጉግሣም ጦርነቱ እንደ ተጀመረ ወገኑን ትቶ ለጠላት ገባ፤ ጠላትም ሹመት ሰጠው።

ራስ ደስታ በጥር ወር በገናሌ ዶሪያ ድል ተነሡ፤ ሠራዊታቸው የጠላትን አይሮፕላንና መኪና ሊቋቋም አልቻለም። በሚያዝያ ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ወጡ፤ አዲስ አበባም ተያዘች። በዘውድ ተጠግቶ የከበረ ሰው፥ ዘውዱ የወደቀ ሲመስል ለራሱ ብቻ ሊያስብ ይችላል። ራስ ደስታ ግን በሲዳሞ ተራሮች መዋጋትን አልተዉም። በየካቲት 1929 ዓ. ም. ከሌላው የንጉሠ ነገሥቱ አማች ከደጃዝማች በየነ መርዕድ ጋራ ሆነው በጎገቲ ተዋጉ፤ ደጃዝማች በየነም ሕይወታቸውን ሰጡ። ራስ ደስታም የካቲት 17 ቀን በቡታጅራ አጠገብ ተይዘው በዚያው ቀን በጥይት ተገደሉ።

አገር ነጻ ከወጣች በኋላ የከዳው አማች ተፈርዶበት ታሰረ። ዘውዱም ቢሆን በ1967 ዓ. ም. ለዘለቄታው ወረደ። በአዲስ አበባ ያለው የራስ ደስታ ዳምጠው መታሰቢያ ሆስፒታል ግን እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

ጋብቻ ሰውን ወደ ቤተ መንግሥት ያስገባዋል፤ ታማኝ ግን አያደርገውም። ወርቅ በእሳት፥ ሰውም በመከራ ይፈተናል።

ጥያቄ።
1. ሁለቱ አማቾች በምን ተመሳሰሉ? በምንስ ተለያዩ?
2. ራስ ደስታ ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ከወጡ በኋላ ምን አደረጉ?
3. ከሹመትና ከመልካም ስም የትኛው ይቆያል?