ከዱርቤቴ ወደ ዉሃን፦ ከምን ልጀምር?

ጥያቄ፦ ዱርቤቴ ተወልጄ አደግሁ፤ ባሕር ዳር ተምሬ ተመረቅሁ። አሁን ለሁለተኛ ዲግሪ ቻይና፣ ዉሃን ከተማ ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝቻለሁ። ቋንቋውንም አገሩንም አላውቅም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ እንኳን ደስ አለሽ፣ እኅቴ! መጀመሪያ ወረቀትሽን ጨርሺ። ሆቴል ካላረፍሽ በ24 ሰዓት ውስጥ ፖሊስ ዘንድ መመዝገብ ግዴታ ነው፤ ዶርም የምትገቢ ከሆነ የዩኒቨርሲቲውን የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ጠይቂ። ቪዛሽ ኤክስ 1 ከሆነ ደግሞ በገባሽ በ30 ቀን ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከት አለብሽ። ቀኑን ማሳለፍ ያስቀጣል።

ቀጥሎ የአገሩን ሲም ካርድ አውጪ፤ የባንክ ሒሳብም ክፈቺ። እዚያ ጎመን ሻጯ እንኳ ሒሳቧን የምትቀበለው ሚዛኗ አጠገብ በለጠፈችው ኮድ፣ በስልክ ነው።

ጿሚ ከሆንሽ ቶፉና አትክልት እንደ ልብ ነው። ግን አንዳንዱ አትክልት በአሳማ ስብ ይጠበሳልና «ሥጋ አለው ወይ?» ብለሽ ብቻ አትለፊ፤ በምን ዘይት እንደተሠራም ጠይቂ።

ብቸኝነት እንዳይጎዳሽ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎችን ከወዲሁ አፈላልጊ። በ2012 ዓ.ም. ዉሃን በኮሮና ስትዘጋ እዚያ የነበሩ ልጆቻችን የተጽናኑት እርስ በርስ ነው።

እዚያ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን ዱርቤቴ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው፤ ለመደወል ይመቻል። ቴሌግራምና ፌስቡክ ግን ቻይና ውስጥ ተዘግተዋል። ስለዚህ አደራ፣ በእናትሽ ስልክ ላይ ዊቻት ሳትጭኚና ሳታለማምጃቸው ከቤት እንዳትወጪ።